ተሽከርካሪው ቁም ሳጥን

ኦርሁን ግድግዳው ውስጥ ያለውን ቁም ሳጥን አዞረው። ድሮ ሴቶቹ ሳይታዩ ለወንዶቹ ምግብ ያቀብሉበት ነበር፤ ዛሬም እማማ ናዝሚዬ ከማድ ቤት ወደ አዳራሹ ሳህን የሚያሳልፉት በሱው ነው። እጁን ከመደርደሪያው ሥር ሰደደ።

ባዶ።

እዚያ ተደብቃ የነበረችው ትንሿ ፊልም ተወስዳለች። የአሥራ አንድ የራሳቸው ሰላዮች ስም አለባት። ከዚህች ከሳፍራንቦሉ ከተማ ከወጣች አሥራ አንዱም አለቀላቸው።

ኦርሁን፣ በምስጢር ስሙ «ማንኪያ»፣ ዛሬ ምግብ ቤት በሆነው በዚህ አሮጌ መኖሪያ ቤት ስምንት ወር አስተናግዷል። አዳራሹን ቃኘ። ሦስት የውጭ አገር እንግዶች። መኪናቸው በር ላይ ይጠብቃል። ስለ ፊልሟ ተቀባይ የሚታወቀው፣ እዚሁ ተወልዶ በሐሰት ፓስፖርት እንደሚዞር ብቻ ነው። የውጭ ዜጎችን በጥርጣሬ ብቻ፣ ሦስቱንም መፈተሽ አይቻልም።

አለቃው «ጨው» እንደ ተመጋቢ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ሾርባውን ያማስላል።

«የቱ ነው?»

«አሁን ይታወቃል። የእማማ ነገርስ?»

«ማንም አይነካትም አልኩህ እኮ።»

እማማን ያጋለጣቸው ኦርሁን ነው። የጠላት ሰዎች ድንበር ማዶ የታሰረ ልጃቸውን እንፈታልሻለን እያሉ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ፊልም ያስደብቋቸዋል። ይህን እያለቀሱ የነገሩት ራሳቸው ናቸው።

የዳቦ ቅርጫት አንስቶ በየጠረጴዛው ሥር ቁራሽ ጣለ። ባለመነጽሯ ዞር ብላም አላየች። ሽማግሌው በእግሩ ገፋው። የስዊስ ሰዓት ነጋዴ ነኝ ያለው ጎንበስ ብሎ አነሳው። ሳመው። ግንባሩን አስነካው።

እዚህ አገር የወደቀ ዳቦ እንዲህ ይከበራል፤ እናቱ ያስለመደችውን እጁ ሳያማክረው ሠራው።

ዓይን ለዓይን ተጋጩ። ሰውየው ወደ ኮቱ ኪስ እጁን ላከ።

ኦርሁን ከሰውየው ጠረጴዛ ላይ ትኩሱን ሾርባ አንስቶ ደፋበት።

«ጨው» ካቴና አጠለቀለት። ፊልሟ ከሰዓቱ ክዳን ውስጥ ወጣች። ከዚያ ሁለት የ«ጨው» ሰዎች ወደ ማድ ቤት ገቡ።

«ቃልህስ?» አለው ኦርሁን።

«ማንኪያ ያማስላል እንጂ ምን አገባው?»

ኦርሁን ቅርጫቱን ታቅፎ ቆመ። ማድ ቤቱ አሥር እርምጃ ነው፤ አልሄደም። ወጪት ሰባሪ ሲባል የሰማው ሁሉ ስለ እሱ ነበር። አፈረ።

ቁም ሳጥኑ በዝግታ ዞረ። ቦሎቄና ሩዝ ያለበት ሳህን፣ ገና ይተናል። ከግድግዳው ወዲያ የእማማ ናዝሚዬ ድምፅ መጣ።

«የነገርኩት ለአንተ ብቻ ነበር፣ ልጄ። ይሁን። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስክም። ብላ።»

ሰዎቹ እማማን ወሰዷቸው። እሱ ቆሞ በላ፤ አላስተረፈም። ሽርጡን ፈታ። ኪሱ ውስጥ ለሚቀጥለው ሥራው ሌላ ስም ያለበት መታወቂያ አለ፤ የአንካራው አውቶቡስ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ይነሳል።

ሳህኑን አጥቦ ቁም ሳጥኑ ውስጥ አስቀመጠው። አዞረው።

ከወዲያ የተቀበለው አልነበረም።