ዓሪፍ የማይነካው ሊንክ

«ስምህን አትጻፍበት!» አለ ሲራጅ፣ የክፍል ጓደኛውን የኡበይደላን ስልክ እየጎተተ። «‹ለተፈናቃይ ተማሪዎች እርዳታ› በልበት። ዓሪፍ ሮጦ ይነካዋል። ያንተን ስም ካየ ግን፣ ወላሂ፣ በዱላ ጫፍም አይነካው!»

እውነቱን ነው። ባለፈው ሐምሌ ኡበይደላ ለጓደኛው ለዓሪፍ በቴሌግራም አንድ ሊንክ ሰዶለት ነበር፤ አረንጓዴ ቁልፍ ሠርቶ፣ «ሽልማት ደርሶሃል፣ ንካ» ብሎ አሳምሮ። ዓሪፍ ነካ። ዋሌቱ፣ የስልኩ የገንዘብ ቦርሳ፣ ሲከፈት ተቀባዩም መጠኑም ተሞልቶ ጠበቀው፤ ሳያነብ «እሺ» አለው። ዓመት ሙሉ ያጠራቀማት የኢንተርኔት ገንዘብ፣ ክሪፕቶው፣ ፍልስ ብላ ኡበይደላ ስልክ ገባች።

ኡበይደላ በሳቅ ሞተ። «ማታ እመልስለታለሁ፤ እስከዚያ ትንሽ ይንጨርጨር» አለ። ማታ ኔትወርክ ጠፋ። በነጋታው የጦርነቱ ተኩስ ቀረበ፤ እነዓሪፍ አይሱዙ ላይ ተጭነው ወደ ደሴ ሄዱ።

አምስት ወር! የሚያበሽቀው ሰው አጥቶ ከተማቸውን መርሳን ብቻውን ሲዞራት ከረመ። ከራሱ ጋር እንኳ ቀልዶ አየ፤ አላሳቀውም። ኔትወርክ ሲመለስ መጀመሪያ የገባለት የዓሪፍ መልእክት ነው፦ «ሌባ! ስልኬ ከነዋሌቱ መንገድ ላይ ጠፋ። ያንተን ሊንክ ግን ሁለተኛ አልነካም።» ከዚያ ወዲያ ከደሴ አልተመለሰም፤ ሲደውልለትም አያነሳም።

አሁን ኡበይደላ አዲስ ሊንክ ሠርቷል። ክሪፕቶዋ እዚያው ሊንኩ ውስጥ ናት፤ ዓሪፍ ከነካው አዲሱ ዋሌቱ ውስጥ ትገባለች። የቀረው ቁልፉ ላይ የሚጻፈው ነው።

«ይድረሰው እንጂ ማን ላከው ምን ያደርግለታል?» አለ ሲራጅ።

«እሱስ ይደርሰዋል» አለ ኡበይደላ። «እኔንስ ጓደኛዬ ይደርሰኛል?»

«አንተን ምን?»

«ተወው፣ አይገባህም።»

ሲራጅ በሳቀበት መሀል ኡበይደላ «ለተፈናቃይ» የሚለውን ጽፎ ነበር፤ ቁጭ ብሎ አየው። አንድ በአንድ አጠፋው። «ኡበይደላ ነኝ። ያንተው ናት፣ ውሰዳት» ብሎ ጻፈና ላከ።

«በቃ፣ አበላሸኸው!» አለ ሲራጅ።

የትምህርት ቤቱ ደወል ተደወለ። ዴስኩ በጦርነቱ ማገዶ ስለሆነ፣ ተማሪው ሁሉ መቀመጫ ድንጋዩን ከግቢ እያነሳ ነው የሚገባ። ኡበይደላ ስልኩን አየ። አልተነካም። ኪሱ ከተተውና ሁለት ድንጋይ አቀፈ።

«አንዱ ለማን ነው፣ አንተ?» አለ ሲራጅ።

ኡበይደላ እያለከለከ ክፍል ገብቶ፣ ሁለተኛውን ከጎኑ፣ ዓሪፍ ይቀመጥበት በነበረው በመስኮቱ በኩል አስቀመጠው።