ሰጋቱራ የሌለው ሸሚዝ

ልብስ ሰፊዋ በዓል በደረሰ ቁጥር የሱቋ በር ላይ ካርቶን ታስቀምጣለች። ያለው ዱቄቱን፣ ዘይቱን፣ ምስሩን ይጥልበታል። የሌለው ደግሞ የቤት ቁጥሩን ብቻ በብጣሽ ወረቀት ጽፎ በመስኮቱ ቀዳዳ ያሾልካል። ስም አይጻፍም። «ሰው ገበናው ተሸፍኖ ይብላ» ትላለች፣ ከቁርጥራጭ ጨርቅ የሰፋቻቸውን ከረጢቶች እየሞላች።

የሚያደርስላት አናጢው ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ጋሪ እየገፋ ከረጢት ሲያመላልስ፣ እግረ መንገዱን ልቧንም ይዞት ሄዷል። ፍቅርና ጉንፋን አይደበቅም፤ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። እሷ ግን ቤቱን አታውቀውም። አባቷን ሳያነጋግር ደጁን መርገጥ ደስ አይላትም።

ከጥቂት ወራት ወዲህ ደግሞ ታጥቦ በተተኮሰ ሸሚዝ ብቅ እያለ አስቸግሯታል።

«ዛሬም ሙሽራ መስለህ መጣህ?»

«አንቺ መርፌ፣ መውጋት አይሰለችሽም?» አለና ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። «ከበዓሉ በኋላ አባትሽን አነጋግራለሁ። ቃሌ ቃል ነው።»

ደስታዋን ዋጥ አድርጋ ከረጢቶቹን ጫነችለትና የቤት ቁጥሮቹን ዝርዝር ሰጠችው። መጨረሻው ላይ ሲደርስ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ይቺን ቁጥር ማን ጻፋት?»

«እኔ በምን አውቃለሁ? ወረቀት ገብቶ ነው። ምነው?»

ዝርዝሩን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

«አንቺም ሰምተሻል ማለት ነው» አለና ጋሪውን እየገፋ ሄደ። ምኑን እንደሰማች ልትጠይቀው ደጃፍ ስትደርስ መታጠፊያውን አልፎ ነበር።

በበዓሉ ዕለት አልመጣም። ስልኩም ዝግ ነው። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጋሪውን ሱቋ በር ላይ ቆሞ አገኘችው። አንድ ከረጢት ብቻ ቀርቶበታል። አብሮት በተቀመጠው ዝርዝር ላይ ከመጨረሻው በቀር ሁሉም ቁጥር ተሰርዟል።

ከረጢቱን ተሸክማ ወደዚያ ቤት ሄደች። አንዲት እናት በሩን ከፍተው አስገቧት። ግድግዳው ላይ የተሰቀለ የመሣሪያ ቦርሳ አየች። ራሷ ሰፍታ ለአናጢው የሰጠችው ነው።

«ቁጥሩን እኔ ነኝ የጻፍኩት፣ ልጄ» አሉ እናቱ። «የሚሠራበት ወርክሾፕ ተዘግቶ ኖሯል። ጠዋት ጠዋት ሥራ ሄድኩ ብሎኝ ይወጣል፤ እኔም ያመንኩ መስዬ እሸኘዋለሁ። ግን ልብሱን የማጥበው እኔ አይደለሁ? ድሮ ሰጋቱራው ውኃውን ያደፈርሰው ነበር። አራት ወር ሙሉ ንጹሕ ሸሚዝ አጠብኩ።»

«አሁን የት ነው፣ እማማ?»

«ሥራ ፍለጋ ሄደ። የት እንደሆነ እንኳ አልነገረኝም። ‹ያቺ ልጅ ችግሬን ሰምታ አዘነችልኝ፤ ከእንግዲህ በምን ፊቴ አባቷ ፊት እቆማለሁ› አለኝ። ማናት ብዬ ብጠይቀው አለቀሰ እንጂ አልመለሰልኝም።» በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። «አንቺ ታውቂያት ይሆን?»

ልብስ ሰፊዋ ከረጢቱን አሁንም እንደታቀፈች ነበር።

«አውቃታለሁ» አለች። «ንጹሑን ሸሚዝ ለእሷ ብሎ የለበሰው መስሏት ነበር።»