እስከ አምስት

«አንድ!» አለች ሰሊማ።

ኤባ ወረቀቱን አየ። ቀጥሎ እሷን አየ። ከዚያ ደግሞ ግራ እጁ ላይ የሚንቀዋለለውን የታላቅ ወንድሙን ሰዓት አየ።

«ሁለት፣ ሦስት!»

«ቆይ… ድልድዩ ከእኔ ምን ያህል ይርቃል?»

«አራት፣ አምስት! አለፈህ።»

ኢስሃቅ ጠረጴዛውን በሁለት እጁ እየደበደበ ሳቀ። «ደሞ ሰዓት ያያል! አውቶቡስ ሊያመልጠው ነው እንዴ?» አለ። ሚልካም አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች።

ሰሊማ አልሳቀችም። መሪ ናት፤ የመሪ ሥራ ታሪኩን መቀጠል ነው። «አዞው ከወንዙ ወጣ። ግመል ነጂው ጉታ እንደ ግንድ ተገትሯል። አዞው እግሩን ያዘው» አለችና ከረጢቱ ውስጥ እጇን ሰዳ አንድ ቆርኪ አወጣች። ቆርኪው ላይ አሥራ ስምንት ተጽፏል። «ነከሰው። ስምንት ነጥብ ቀንስ።»

ኤባ በእርሳስ ቀነሰ። ኤባ የፈጠረው ጉታ ሁለት ነጥብ ቀረው። ዜሮ ሲደርስ ይሞታል።

ይህን ጨዋታ አዳማ ውስጥ ሌላ የሚጫወተው ሰው ይኑር አይኑር አራቱም አያውቁም። ወረቀት፣ እርሳስና ምላስ ካለ በቂ ነው። አንዱ መሪ ሆኖ የሚሆነውን ይተርካል። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ሰው ፈጥረው ያ ሰው ምን እንደሚያደርግ ይናገራሉ፤ መሳካት አለመሳካቱን ዕጣ ይወስነዋል። ደንቡን ከእንግሊዝኛ ፋይል ወደ አማርኛ የገለበጠው ኤባ ነው፤ ሁለት ደብተር ፈጅቶበታል። ሃያ ቁጥር ያለው ዳይስ ገበያ ላይ ቢያጣ ሃያ የለስላሳ ቆርኪ ለቅሞ፣ በመዶሻ ጠፍጥፎ፣ ከአንድ እስከ ሃያ በቀለም ጻፈባቸው። ከረጢቱን እህቱ ጋዲሴ ከአሮጌ ሱሪ ሰፋችለት። ታሪኩ የሚካሄድባትን፣ ኮንቴይነር በኮንቴይነር ላይ ተደራርቦ የተሠራችውን የብረት ከተማም ያሰባት እሱ ነው፤ ልጅነቱን የሞጆን ደረቅ ወደብ በአጥር ቀዳዳ እያየ ነው ያደገው። መጀመሪያ ላይ መሪውም እሱ ነበር።

ችግሩ ውጊያው ነበር። ኤባ ሲመራ አንድ የጅብ መንጋ ለማሸነፍ ሦስት ቅዳሜ ፈጀ። ሁሉም በየተራው ያስባል፣ ይከራከራል፣ ደንብ ይገልጣል። ሚልካ አሥር ሰዓት ላይ የኳየር ልምምድ ስላለባት ጅቡ አፉን እንደከፈተ ትታው ትሄዳለች። ኢስሃቅ ማዛጋት ጀመረ። በረንዳውም ለስላሳውም የእነ ኢስሃቅ ነውና እሱ ካዛጋ ጨዋታ የለም።

መድኃኒቱን ያመጣችው ሰሊማ ናት። አባቷ አቶ ኡበይደላ መናኸሪያው ውስጥ የአሰላ መስመር ተራ አስከባሪ ናቸው፤ እሷም ከልጅነቷ ጀምሮ ሲሠሩ አይታለች። መኪኖቹ በቅደም ተከተል ይመዘገባሉ። አንዱ ሲጭን ቀጣዩ «ተዘጋጅ!» ይባላል። ተራው ደርሶ ያልተንቀሳቀሰ እስከ አምስት ይቆጠርበትና ያልፈዋል። ሰሊማ ይህንኑ ወረቀት ላይ አሰፈረችና «ኢስሃቅ ተረኛ! ሚልካ ተዘጋጂ!» እያለች አንድ ቅዳሜ ሞከረችው። ከሽፍቶች ጋር የነበረው ውጊያ በሃያ ደቂቃ አለቀ። ኢስሃቅ ወንበር ላይ ወጥቶ ጨፈረ።

«አቦ ይመችሽ! ከዛሬ ጀምሮ መሪያችን ሰሊማ ናት!»

ኤባ ሁለቱን ደብተሮች አስተካክሎ ወደ እሷ ገፋላት። ሊል ያሰበውን ሳይጨርስ ሌላ ወሬ ተጀመረ።

ክፍል ውስጥ የሰሊማን ስም አስተማሪዎች እንኳ ይረሱታል። እዚህ በረንዳ ላይ ግን አፏን ስትከፍት ሦስት ሰው ትንፋሹን ይውጣል። ይህ ነገር ጣማት፤ በጣም ጣማት።

ባለፈው ሐሙስ ኢስሃቅ ከትምህርት ቤቱ ሱቅ ጀርባ ጠራት። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይላሉ፤ የኤባ እንቁላል ግን ገና ዶሮዋ ሆድ ውስጥ ነው» አለ። በራሱ ቀልድ ሳቀና ወዲያው ፊቱን አኮሳተረ። «የምሬን ነው። ጉታ ቅዳሜ ይሙት። የሞተ ይወጣል፤ አዲስ ደንብ ነው። አለዚያ ሚልካ ትምራ።»

ሰሊማ እሺም እምቢም አላለችም። እሺ ማለቷን ግን ሁለቱም አውቀዋል።

አሁን አዲሱ ዙር ተጀመረ።

«ኢስሃቅ ተረኛ፣ ሚልካ ተዘጋጂ! አንድ…»

ኢስሃቅ ለስላሳውን አነሳ። ጠጣ። አፉን ጠረገ።

«ሁለት…» አለች ሰሊማ። «ሦስት…»

«እ… በቃ፣ በሰይፌ አንገቱን!» አለ ኢስሃቅ ዘና ብሎ። ቆርኪ አወጣ፤ አራት። ሳተ። ሚልካም ጊዜዋን ወስዳ ቀስቷን ወረወረች። እሷም ሳተች።

«ኤባ ተረኛ።» አንድ ሰው እንኳ አየር ሳይስብ ሰሊማ ቀጠለች፤ «አንድሁለትሦስት…»

«ግመሏን…» አለ ኤባ።

«…አራትአምስት! አለፈህ።»

ኤባ አፉ እንደተከፈተ ቀረ። ከዚያ ሰዓቱን አየ፤ ቀና ብሎም አያት። አልተናደደም። ቢናደድ ይሻላት ነበር። ሰሊማ ዓይኗን ሰብራ ቆርኪ አወጣች። ሃያ።

«ጉታ ሞተ» አለች።

ኢስሃቅ ወረቀቱን ከኤባ ፊት መነጨቀና ለአራት ቀደደው። በወረቀቱ ጠርዝ ላይ ኤባ የሳላት ግመል አንገቷ ላይ ተቀደደች። «የሞተ ይወጣል፣ ጀለስ። ነፍስ ይማር!»

ኤባ እርሳሱን ኪሱ ከተተና ተነሳ። በረንዳው ደረጃ ላይ ሲደርስ ሚልካ «ቆርኪዎቹስ?» አለችው። ከተጫዋቾቹ መካከል ያፈረች የመሰለችው እሷ ብቻ ነበረች።

ኤባ ዞሮ ከረጢቱን ትንሽ አየው። «ያስፈልጓችኋል» አለና ሄደ።

አዞው ከዚያ በኋላ በአሥር ደቂቃ ተገደለ። እንዲህ የፈጠነ ውጊያ ኖሮ አያውቅም። ኢስሃቅ ሚልካን ሊሸኝ ሲወጣ ሰሊማ ተንበርክካ አራቱን ቁራጭ ወረቀት ከመሬት ለቀመች፤ ለምን እንደለቀመች ግን አታውቅም።

ረቡዕ ትምህርት ግማሽ ቀን ነበርና የአባቷን ምሳ ይዛ መናኸሪያ ሄደች። ፀሐዩ አናት ይበሳል። አቶ ኡበይደላ ቢጫ ሰደርያቸውን ለብሰው፣ የስም ዝርዝሩን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው ሻይ ይጠጣሉ።

«መሐመድዘይን ተረኛ!» ሲሉ ጮኹ።

መሐመድዘይን ከአባቷ ጋር በየቀኑ ሻይ የሚጠጣ ወጣት ሾፌር ነው። ሚኒባሱን ተደግፎ በስልክ ይስቃል።

«አንድ…» አሉ አቶ ኡበይደላ። ሻያቸውን ፉት አሉ። «ኧረ ፍጠን አንተ! ሁለት…» ጉንፋን እንዳለበት ሰው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሦስት…» መሐመድዘይን ስልኩን ዘግቶ እየተንጠራራ ገባና መኪናውን አስጠጋ። ሞልቶ ወጣ።

«ጋሽ አምባዬ ተረኛ!»

ጋሽ አምባዬ በዚያ መስመር ላይ ያረጁ ሽማግሌ ናቸው፤ ሚኒባሳቸውም እንደሳቸው ናት። ቁልፉን አዞሩ። መኪናዋ አሳላት እንጂ አልተነሳችም። የአሰላ ተሳፋሪዎች «ኧረ ይለፈው በናታችሁ! ፀሐይ በላን!» እያሉ ጮኹ። ጋሽ አምባዬ ደግመው አዞሩ።

«አንድሁለትሦስትአራትአምስት!» አሉ አባቷ። «አለፈዎት፤ ወደ ኋላ!»

ሰሊማ የምሳ ዕቃውን አጥብቃ ያዘች። ያንን ድምፅ ታውቀዋለች። የራሷ ነው።

«ተነስታለች እኮ፣ ኡበይደላ» አሉ ጋሽ አምባዬ በመስኮት። እውነትም ተነስታለች፤ አራት ሲባል ነው የተነሳችው። ሰሊማ በጆሮዋ ሰምታለች።

«ሕግ ሕግ ነው፣ ጋሽ አምባዬ። ወደ ኋላ።»

ሽማግሌው አልተሳደቡም። አባቷን ለአንድ አፍታ አዩዋቸውና መሪውን ወደ ኋላ አዞሩ። ቅዳሜ ዕለት በረንዳው ላይ ኤባም እንዲሁ ነበር ያያት። አቶ ኡበይደላ ወደ እሷ ዞረው ጠቀሷትና «አየሽ ልጄ፣ እንዲህ ካልያዝሻቸው አይሆንም» አሉ ደስ ብሏቸው።

ሰሊማ አፈረች። በአባቷም በራሷም አፈረች፤ የቱ እንደሚብስ መለየት አቃታት። ምሳውን ሰጥታቸው ሳትሰናበት ሄደች።

ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ በባጃጅ ወደ ኢስሃቅ ሰፈር ሄደች። የኢስሃቅ ቤት ማጠፊያ ጋ ስትደርስ ግን «ትንሽ ወደፊት» አለችው ሾፌሩን። የኤባን ግቢ በር ስታንኳኳ ጋዲሴ ከፈተች።

«ውይ ሰሊማ! አካም ጅርታ? ዛሬ ጨዋታ የለም እንዴ? ኤባ ሆዴን አሞኛል ብሎ ተኝቷል» አለች። ምንም አታውቅም። ደግነቷ ሰሊማን ከስድብ የበለጠ ወጋት።

ኤባ በነጠላ ጫማ ወጣ። ጋዲሴ ወደ ውስጥ ገባች። ሰሊማ ከረጢቱን፣ ሁለቱን ደብተሮችና በፕላስተር ያጣበቀችውን ወረቀት ዘረጋችለት። የግመሏ አንገት ትንሽ ተጣሞ ገጥሟል። ባጃጅ ውስጥ ሆና ረጅም ንግግር አዘጋጅታ ነበር፤ አሁን አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ቀረላት።

«ፈጥኜ ነው የቆጠርኩብህ።»

«አውቃለሁ» አለ ኤባ። በልማድ ሰዓቱን አየ። «ለኢስሃቅ ዘጠኝ ሴኮንድ። ለሚልካ ሰባት። ለእኔ ሦስት። በመጨረሻ ደግሞ ሁለት።»

ስለዚህ ሰዓቱን የሚያየው ለዚህ ነበር። ሁሉም ሙድ ሲይዙበት እሱ እየለካ ነበር።

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

ኤባ አሰበ። ከጎረቤት የሚፈስ የቧንቧ ውሃ ይሰማል።

«ልናገር ስል» አለ በመጨረሻ፣ «አለፈህ ትያለሽ።»

ይገባታል፤ ከዚህም የባሰ ይገባታል። «እንደገና እንጫወት» አለች። «እኔና አንተ ብቻም ብንሆን። አንተ ምራ። እ… ትፈልጋለህ?»

ኤባ ወረቀቱን ተቀበላትና በፕላስተሩ ላይ ጣቱን አስኬደ።

ስልኳ ተንቀጠቀጠ። ኢስሃቅ ነው፤ የአራቱ ግሩፕ ላይ ጽፏል። «ተራ አስከባሪዋ የት ነሽ? እስከ አምስት እቆጥራለሁ። ካልመጣሽ ሚልካ ትመራለች። ከረጢቱም አንቺ ጋ ነው ደሞ!» ወዲያው ሌላ መልእክት ተከተለ። «1»።

ኤባ ወረቀቱን አገላበጠ።

«2»።

የኢስሃቅ ቤት በእግር አምስት ደቂቃ አይሞላም። «እየመጣሁ ነው» ብላ ብትጽፍ ይበቃል። በረንዳው፣ ወንበሯ፣ ትንፋሹን የሚውጠው ሰው፣ ሁሉም እዚያው ነው። እዚህ ደግሞ አዎ ይበል አይበል የማይታወቅ ልጅ ቆሟል። እምቢ ሊልም ይችላል።

«3»፣ ወዲያውም «4»። ኢስሃቅም መፍጠን ያውቅበታል።

ሰሊማ ስልኩን አጠፋችው። ከበሩ አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ አቧራውን በእጇ ጠርጋ ተቀመጠች፤ ደብተሮቹንና ከረጢቱን ጭኗ ላይ አደረገች።

ኤባ ገና እያሰበ ነበር።