አንድ ላቦራቶሪ ለሁለት

ሜሪን ትሬጊር ጃጎ ፔንሄልን ያወቀችው በጠብ ነው።

መስከረም ላይ፣ በእንግሊዝ የባሕር ዳር ከተማ በፔንዛንስ ባለው ኮሌጅ ትምህርት በተጀመረ በሳምንቱ፣ ሜሪን ጠዋት ላቦራቶሪ ስትገባ የተማሪዎቿ ሥራ ከመደርደሪያው ላይ የለም። ልጆቹ ከበር እጀታ፣ ከስልክና ከካፌ ጠረጴዛ ጠርገው በትንንሽ ክብ ሳህኖች ባክቴሪያ አብቅለው ነበር። ሳህኖቹ አሁን በረኪና ውስጥ ተዘፍዝፈዋል። አጠገባቸው አንድ ረዘም ያለ ሰው እጅጌውን ሰብስቦ እጁን ይታጠባል።

«የሻገተ፣ የተረሳ ነገር መስሎኝ ነው» አላት። አዲሱ የኬሚስትሪ መምህር ነበር።

«የተረሳ አይደለም። የልጆቼ የሳምንት ሥራ ነው።»

ጃጎ እስከ አንገቱ ቀላ። ይቅርታ ጠየቃት፤ እሷ ግን ትታው ወጣች። በማግስቱ ክፍሏ ድረስ መጥቶ ልጆቹንም ይቅርታ ጠየቀ፤ ሥራው እንደገና ሲጀመርም የራሱን ስልክ እንዲጠርጉ ሰጣቸው። ከሁሉም ይልቅ ብዙ ባክቴሪያ የበቀለበት ሳህን የእሱ ስልክ ሆኖ ተገኘ። ልጆቹ ስልኩን ባወጣ ቁጥር አፍንጫቸውን እየያዙ አንድ ወር ሙሉ ቀለዱበት፤ እሱም አብሮ ሳቀ። ሜሪን ያንን ሳቅ አየችና ቂሟን ተወችው።

ሁለቱ የሚያስተምሩት አንድ ዕድሜ ላይ ያሉ፣ ዩኒቨርሲቲ ደጃፍ የደረሱ ልጆችን ነው፤ መንገዱ ግን ይለያያል። የጃጎ ተማሪዎች ሁለት ዓመት አጥንተው በአንድ ትልቅ ፈተና የሚመዘኑ ናቸው። የሜሪን ልጆች የሙያ ሳይንስ ተማሪዎች ናቸው፤ በላቦራቶሪ እየሠሩ፣ ሆስፒታል እየሄዱ፣ የሠሩትን እየጻፉ ነው የሚያልፉት። ከተማው ውስጥ «የወደቁት ልጆች ክፍል» የሚሉት ብዙዎች ናቸው። ሜሪን ይህን ስትሰማ ደሟ ይፈላል፤ እሷ ራሷ ሂሳብ ወድቃ፣ የጎረቤቱ ወደብ የኒውሊን ዓሣ አጥማጅ ልጅ ሆና፣ በዚያው በር ገብታ ነው ዩኒቨርሲቲ የደረሰችው።

ላቦራቶሪው አንድ ስለሆነ ይቀባበሉታል። የዕቃ ማዘጋጃው ክፍል በጣም ጠባብ ነው፤ አንዱ ሲያልፍ ሌላው ግድግዳ ላይ መለጠፍ አለበት። መጀመሪያ ይቅርታ እየተባባሉ ያልፉ ነበር። በኋላ ይቅርታው ቀረና እየተሳሳቁ ማለፍ ጀመሩ። ኅዳር ላይ ከሥራ ሲወጡ በባሕሩ ዳር እስከ ኒውሊን አብረው መሄድ ለመዱ። ዝናብ ሲመጣ አንድ ጃንጥላ ሥር ይገባሉ፤ ዝናቡ ካባራ በኋላም ጃንጥላው ሳይታጠፍ የሚቆይበት ቀን ነበር።

ጃጎ ስለ ብዙ ነገር ያወራል። ስለ ታናሽ ወንድሙ ስለ ፔራን ግን ስትጠይቀው ወሬ ይቀይራል።

የካቲት ላይ አንድ ወሬ ወጣ። ርዕሰ መምህሯ ወይዘሮ ሆስኪንግ የሙያ ሳይንስ ትምህርቱን ዘግተው ሁሉንም በአንድ ክፍል ሊያጠቃልሉ ነው፤ ጉዳዩም ለኮሌጁ ቦርድ ይቀርባል። የሳይንስ ክፍሉ ኃላፊ የሚሆነው ደግሞ ጃጎ ፔንሄል ነው። ሜሪን ይህን የሰማችው በመምህራን ማረፊያ ክፍል፣ ሻይዋን እየቀዳች፣ ከጂኦግራፊው መምህር ነው። ኩባያውን አስቀምጣ በቀጥታ ወደ ላቦራቶሪ ሄደች።

«እውነት ነው?»

«ጠይቀውኝ እሺ ብያለሁ።»

«ትምህርቱ እንደሚዘጋ እያወቅክ?»

ጃጎ የያዘውን ብርጭቆ ቀስ ብሎ አስቀመጠ። «መዘጋት አለበት ብዬ ስለማምን ነው» አላት።

ከዚያ ስለ ፔራን ነገራት። በሌላ ከተማ፣ ነጥቡ ስላነሰ፣ ልክ እንዲህ ዓይነት ክፍል አስገቡት። በየጊዜው መምህር ይቀያየርባቸው ነበር። ሁለት ዓመት ሥዕል ቀለም ሲቀቡና ወረቀት ሲለጥፉ ከርመው፣ ማንም አሠሪ የማይጠይቀው ሰርተፊኬት ተሰጣቸው። ፔራን አሁን በየእርሻው እየዞረ አበባ ጎመን ይለቅማል። ከእኔ ይልቅ ጎበዙ እሱ ነበር አላት ጃጎ፤ ልጅን ደካማ ነህ ብሎ ለብቻው ማስቀመጥ ደግነት አይደለም።

ሜሪን አዘነችለት። ግን ደግሞ ተቆጣች።

«ወንድምህን የበደለው ትምህርቱ አይደለም፤ ያላስተማሩት ሰዎች ናቸው። የእነሱን ጥፋት የእኔ ልጆች ይክፈሉት?»

ጃጎ ወደ ብርጭቆዎቹ ዞሮ ማጠብ ጀመረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንዱ ዕቃ ማዘጋጃው ውስጥ ካለ ሌላው ውጭ ቆሞ እስኪወጣ ይጠብቅ ነበር።

መጋቢት ሲገባ የሜሪን አባት ጀልባቸው ላይ ተንሸራተው እግራቸው ተሰበረ። ከእሷ በቀር ማንም የላቸውምና ፈቃድ ወስዳ እቤት ቀረች። ወይዘሮ ሆስኪንግ ተተኪ ስላጡ ክፍሏን ለጃጎ ሰጡት።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት ጃጎ እንደለመደው አስተማረ። ሰሌዳውን በቀመር ሞላው። ልጆቹ በሥነ ሥርዓት ገለበጡ፤ ሲጠይቃቸው ግን አንድም የገባው የለም። በመጨረሻ ከፊት የምትቀመጠውን ላቭዴይን፣ የሆስፒታል ደም ምርመራ ክፍል ውስጥ መሥራት የምትመኘውን ልጅ፣ ቲቸር ሜሪን እንዴት ነው የምታስተምራችሁ ብሎ ጠየቃት። መጀመሪያ ያሠሩናል፣ ከዚያ ለምን እንደዚያ እንደሆነ እንጣላበታለን አለችው።

በማግስቱ ልጆቹን ከየዓሣ ጥብስ ቤቱ ኮምጣጤ ይዛችሁ ኑ አላቸው። ማንኛው ውኃ እንደተቀላቀለበት ጠብታ በጠብታ እየለኩ ሊያውቁ ነው። ክፍሉ ታይቶ በማይታወቅ ሁኔታ ሞቀ። ከሁሉም በውኃ የቀጠነው፣ ላቭዴይ ቅዳሜ ቅዳሜ የምትሠራበት ጥብስ ቤት ኮምጣጤ ሆነና ሁሉም ሳቁባት። ቀመሩን ራሳቸው ጠየቁት፤ በዚህ ጊዜ ገባቸው።

የምሳ ደወል ተደወለና ሁሉም ወጡ። ላቭዴይ ብቻ ቀረች። ውጤቷ ከሌሎቹ ትንሽ ስለራቀ እንደገና ትለካ ነበር።

ጃጎ ሂጂ፣ ብይ፣ ለዛሬ ይበቃል አላት።

«ቲቸር ሜሪን በእያንዳንዱ ውጤት ጀርባ የአንድ ታማሚ ስም አለ ይሉናል» አለችው፣ ዓይኗን ከጠብታው ሳታነሣ። «ትንሽ ይጠብቁኝ።»

ጃጎ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ፔራን በልጅነቱ የተበላሸ ሬዲዮ ፈታትቶ እስኪሠራለት ድረስ ምሳ አልበላም ይል እንደነበር ትዝ አለው። ያንን ልጅ እንዲህ የጠበቀው መምህር አልነበረም። ላቭዴይ ትክክለኛውን ውጤት አግኝታ ስትዞር፣ ጃጎ በመስኮቱ በኩል ወደ ውጭ ሲያይ አገኘችው።

ቦርዱ የተሰበሰበ ዕለት ጃጎ ተነሥቶ የደገፈው ሐሳብ ስህተት መሆኑን ተናገረ። እነዚህን ልጆች ከትምህርታቸው ነቅሎ ከእሱ ክፍል ጀርባ ማስቀመጥ እንደገና መጣል ነው አለ። ትምህርቱ የሚዘጋ ከሆነም ኃላፊነቱን እንደማይፈልገው ነገራቸው። ክርክሩ ረዘመ። በመጨረሻ ትምህርቱ እንዲቀጥል ተወሰነ፤ የሳይንስ ክፍሉ ኃላፊነት ግን ከትሩሮ ከተማ ለመጣ ሌላ ሰው ተሰጠ።

ይህን ለሜሪን የነገረቻት ላቭዴይ ናት፤ የሜሪንን አባት ልትጠይቅ አበባ ይዛ መጥታ። ሜሪን ካፖርቷን ደርባ ወጣች። ጃጎን ያገኘችው ኒውሊን ወደቡ ግንብ ላይ ተቀምጦ ነው። ባሕሩ ሸሽቶ ጀልባዎቹ ጭቃው ላይ ጋደል ብለዋል።

«ለእኔ ብለህ ሹመትህን ትተህ ከሆነ፣ እንዲህ ያለ ውለታ አልችልም» አለችው ቆማ።

«ለአንቺ ብዬ አይደለም።»

«ለማን ነው ታዲያ?»

«ለፔራን። አንቺን የመሰለች አስተማሪ ቢያገኝ ኖሮ ብዬ አሰብኩ።» ዓይኑን ወደ ጀልባዎቹ መለሰ። «አንቺንማ ያጣሁሽ መስሎኝ ነበር። ብትመለሺም ባትመለሺም ያንኑ እናገር ነበር።»

ሜሪን ለአንቺ ብዬ ነው ቢላት አመስግናው ትሄድ ነበር። አሁን ግን አልሄደችም። አጠገቡ ተቀመጠች። ብዙ ቆይታ፣ ነፋሱ ያቀዘቀዘውን እጁን በእጇ ያዘችው።

«አሁን ለእኔ ብለህ አንድ ነገር አድርግ» አለችው። «አባቴ ብቻቸውን ናቸው። እቤት እንሂድና ላስተዋውቅህ።»

«ማነው ልትያቸው ነው?»

«እስክንደርስ አስብበታለሁ።»

ቤቱ ቅርብ ነበር። እነሱ ግን በባሕሩ ዳር ዞረው ሄዱ።

አባቷ እግራቸውን በጀሶ ታሽገው ሶፋው ላይ ተጋድመዋል። ቀና ብለው መጀመሪያ ልጃቸውን፣ ቀጥሎ የተያያዙትን እጆች፣ ከዚያ ረጅሙን ሰው አዩ።

«አባዬ፣ ይሄ ጃጎ ነው» አለች ሜሪን። «የማገባው ሰው ነው።»

ጃጎ ገና አልጠየቃትም ነበር። ዞሮ አያት፤ እሷ ግን አባቷን ነበር የምታየው፤ ጆሮዋ ፍም መስሏል። አባቷ የታሸገውን እግራቸውን በሁለት እጃቸው አንሥተው ከሶፋው ላይ ቦታ ለቀቁ።

«ታዲያ ምን ያቆምሃል» አሉት። «ተቀመጥ እንጂ፣ ልጄ።»