ወደ ግራ የተጠመዘዘው ማግኔት

ለኪው ደራቢዋን የወደዳት የመጀመሪያውን ናሙና በትንሽ ሳጥን አቀብላው «እንዳታስነጥስበት!» ያለችው ቀን ነው። ሁለት ዓመት ሆነው፤ ስሜቱን ግን አንድም ቀን አልተነፈሰም።

በቤተ ሙከራው ሰው የሚጠራው በሥራው ነው። እሷ ብረት በብረት ላይ ትደርባለች፤ ከታች ፕላቲኒየም፣ ከላይ ኮባልት፣ እያንዳንዱ ሽፋን ከጥቂት አቶም የማይወፍር። እሱ ኤሌክትሪክ እየላከ ይለካል። ኤሌክትሮኖቹ በፕላቲኒየሙ ሲያልፉ እንደ እሽክርክሪታቸው ይለያያሉ፤ አንደኛው ወገን ማግኔት ወደሆነው ኮባልት ይገባና ወደ ቀኝ ይጠመዝዘዋል። ሽፋኖቹ ቦታ ከተለዋወጡ ግን ጥምዘዛው ወደ ግራ ይሆናል።

ስድስት ሳምንት ሙሉ ወደ ግራ ሆነ።

«ኮባልቱን ከታች አድርገሽው ይሆናል» አሉ ፕሮፌሰሩ።

«አላደረግኩም፣ ፕሮፌሰር። ልክ ነኝ።»

ዞር ብላ ለኪውን አየችው። ከአፉ አንዲት ቃል ጠብቃ ነበር።

«መሣሪያው እንኳ አይሳሳትም» አለ ሞኙ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳ አብረው መብላታቸው ቀረ። «እንዴት አደርክ» ስትለው እንኳ ለመስኮቱ ነው የምትናገረው። ፕሮፌሰሩም ቁርጡን ነገሯት፤ በዚህ ሳምንት ካልተስተካከለ ብረት የምትደርብበት ማሽን ለሌላ ተማሪ ይሰጣል። የሁለት ዓመት ልፋቷ ገደል ገባ ማለት ነው።

ማክሰኞ አዲስ ናሙና አመጣች። ለኪው ለካው። ወደ ቀኝ!

ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። «ይኸው! ጥንቃቄ ሲታከልበት!» አሉ ፕሮፌሰሩ። እሷ «አመሰግናለሁ» ብላ ወጣች።

ለኪው በደስታው ብዛት፣ ለሳምንታት ያልጠረገውን ጠረጴዛውን ሊያጸዳ ተነሳ። አቧራውን ሲጠርግ ሽቦዎቹን አያቸውና ክው አለ። ጠረጴዛውን ወደ መስኮቱ ሲያዛውር፣ ከስድስት ሳምንት በፊት፣ ቀዩን በጥቁሩ ቦታ ሰክቶታል። ቀኙን ግራ ሲል የከረመው መሣሪያው ነው። በእሷ ሽፋን ላይ ስህተት ፍለጋው ሁሉ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ኖሯል። የተጣሉት ናሙናዎች ልክ ነበሩ፤ ስህተቱ ዛሬ የተጨበጨበለት ነው።

ሆድ ይፍጀው ቢል ማሽኑ ለእሷ ይቀራል። ቢናገር ጭብጨባዋን ይነጥቃታል፤ ያቺን ለመስኮቱ የምትሰጠውን ሰላምታም ያጣል። ግን ልጅቱ «ልክ ነኝ» ብላ ነበር፤ ልክም ነበረች።

ከሰዓት በኋላ፣ ሁሉም በተሰበሰቡበት፣ ብድግ አለ።

«ፕሮፌሰር፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ሽቦውን ገልብጬ ሰክቼዋለሁ። የእሷ ናሙናዎች በሙሉ ልክ ነበሩ። የዛሬው ነው የተገለበጠው።»

ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን አውልቀው ወደ እሷ ዞሩ።

«እውነት ነው?»

«አዎ። ሆን ብዬ ኮባልቱን ከታች አደረግኩት።» ማስታወሻ ደብተሯን ገልጣ ገፋ አደረገችላቸው፤ በእጇ ጽሕፈት፣ ከነቀኑ ሰፍሯል። «ልክ ነኝ ስል ጆሮ ዳባ ልበስ አላችሁ። ስሳሳት አጨበጨባችሁልኝ። ነገ ጠዋት ልነግራችሁ ነበር።»

ፕሮፌሰሩ ይቅርታ ሲጠይቁ ያየ የለም፤ ያን ቀን ግን ጠየቁ። ማሽኑም ለእሷ ጸና።

ኮሪደሩ ላይ ሮጦ ደረሰባት።

«ለምን ለእኔ አልነገርሽኝም?»

«ነግሬህ ነበር እኮ። ልክ ነኝ አልኩህ።»

«አንቺን ማመን ነበረብኝ።»

«ማመኑ እንኳ ይቅር፤ ሽቦህን ብታይ ምን ነበረበት?» አለችና፣ ለስድስት ሳምንት ያፈነችው ሳቅ አመለጣት። ከዚያ ፊቱን አየችው። «ለምን ተናገርክ? ዝም ብትል ማን ያውቅብህ ነበር?»

«በሐሰት ከሚጨበጨብልሽ ብትጠዪኝ ይሻለኛል። እወድሻለሁ።»

ኮሪደሩን ስትጠርግ የነበረችው ጽዳት ሠራተኛ መጥረጊያዋን እንደያዘች ቀጥ አለች። ደራቢዋ ጆሮዋ ድረስ ቀላች።

«እኔም እወድሃለሁ» አለችው ቀስ ብላ። «ወይስ መጀመሪያ ልትለካው ትፈልጋለህ?»

«ኧረ በፍጹም! ቃልሽ ይበቃኛል።»