ወደ ሰማይ የተተኮሰው የት ይወርዳል?

ጣሪያ ጠጋኝ ነኝ። መሰላሌን ተሸክሜ፣ ሬንጄን በጣሳ አንጠልጥዬ ከቤት ቤት እዞራለሁ። የሠርግ ወቅት አልፎ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ገበያዬ ይደራል። ቆርቆሮው ላይ ወጥቼ የማገኘው ክብ ቀዳዳ ነው፤ ጠርዙ ወደ ውስጥ የታጠፈ፣ የትንሽ ጣት ጫፍ የሚያስገባ።

«ድመት ናት የበሳችው» ይሉኛል ባለቤቶቹ።

«ድመቷ ምስማር ተጫምታ ነው እንዴ የምትሄደው?» እላቸዋለሁ።

ይስቃሉ፣ እኔም እስቃለሁ፣ ደፍኜ እወርዳለሁ። ጥይት መሆኑን ግን ሁላችንም እናውቃለን።

እንዲህ ስንሳሳቅ ኖረን፣ ከስምንት ዓመት በፊት ታናሽ ወንድሜን በረንዳው ላይ ተቀምጦ ሬዲዮ ሲፈታታ ከላይ የወረደች ጥይት አናቱን መታችው። ከሦስት ቤት በኋላ ሠርግ ነበር። አሥራ አንድ ሰው ለደስታ ተኩሷል። የማን ጥይት እንደሆነች እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። ከአሥራ አንዱ አንዱ የሁለታችንም ታላቅ ወንድም ነበር።

እሱን ሰፈሩ «ኮሎኔል» ይለዋል። ወታደር ሆኖ አያውቅም፤ ዕድሜውን የጨረሰው ዳቦ ቤት ነው። ጠመንጃውን ከአባታችን ወረሰ፤ ማዕረጉን ጎረቤት ሰጠው።

ባለፈው ዓመት የሟቹ ወንድሜ ልጅ ልታገባ ሆነ። የታሪክ አስተማሪ ናት። ሠርጉ ሦስት ቀን ሲቀረው አብረን ወደ ኮሎኔል ቤት ሄድን። ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ በምግብ ዘይት ሲወለውል አገኘነው።

«ወንድም ጋሼ፣ ልትጠብሰው ነው?» አልኩት።

«አታሹፍ! የወንድሜን ልጅ ድምፅ ሳላሰማ ልዳራት ነው? ሬሳ እንኳ በጩኸት ይሸኛል። አባታችን እኔን ሲድር ሰባት ጊዜ ተኩሷል!»

«አያቴ ለምን ተኮሱ፣ አባባ?» አለች ልጅቱ።

«ለምን ይባላል እንዴ? ባህል ነዋ!»

«የድሮ ሰው ጥይት በከንቱ አያባክንም ነበር» አለች። « ስልክ አልነበረም። ወንዝ ማዶ ያለውን ዘመድ ‹ሠርግ አለ፣ ና› ለማለት ነበር። ለተማሪዎቼም የምነግራቸው ይህንኑ ነው። አንዱ አገር ጋ ጠመንጃ ለአደን ገባ። ሌላው ጋ ጦርነቱ ሲያበቃ መሣሪያው በየቤቱ ቀረ። ሌላው ጋ ደግሞ ዳኛ ሩቅ ስለነበር ሰው ራሱን በራሱ ይጠብቅ ነበር። መነሻው በየአገሩ ይለያያል። የሚያመሳስላቸው ምክንያቱ ሞቶ ጠመንጃው መቅረቱ ነው።»

«እኔ ሰው ላይ አልተኩስም!» አለ ኮሎኔል። « ወደ ሰማይ ነው። ሰማይ ደግሞ ሰፊ ነው።»

«የሰው ጣሪያም ብዙ ነው፣ ወንድም ጋሼ» አልኩት። «ሃያ ዓመት የእናንተን ቀዳዳ ስደፍን ኖሬያለሁ። ‹ድመት ናት› ሲሉኝ ስቄ ማለፌ የኔም ጥፋት ነው። አንድ ቀን እንኳ ‹ተዉ› ብዬ ቢሆን…»

የሚወለውልበት ጨርቅ እጁ ላይ ቆመ። ልጅቱ አጠገቡ ተቀመጠች።

«አባቴ ቢኖር ክንዴን ይዞ የሚያወጣኝ እሱ ነበር። በሱ ቦታ እርስዎ እንዲያወጡኝ ልለምን ነው የመጣሁት። ግን አባቴን የገደለውን ነገር ይዘው በአባቴ ቦታ መቆም አይችሉም።»

ኮሎኔል ጠመንጃውን ከጭኑ አውርዶ መሬት ላይ አስቀመጠው። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «ያቺ ጥይት የኔ ብትሆንስ?» አለ። «ሰባት ዓመት ይህን ስጠይቅ ነው የኖርኩት። ዛሬ መተኮሱን ብተው ‹የሱ ነበረች› የሚሉኝ መሰለኝ።»

«እሱን ማንም አያውቅም፣ አባባ። በኔ ሠርግ ምክንያት ደግሞ እንዲህ ሲጠይቅ የሚኖር ሌላ ሰው እንዳይጨመር ነው የምለምንዎት።»

በማግስቱ ጠመንጃውን በማዳበሪያ ጠቅልሎ ፖሊስ ጣቢያ ወሰደው። አብሬው ስለነበርኩ ያየሁትን ልንገራችሁ፤ አንዱ የሰፈር ሰው በር ላይ «ኮሎኔል፣ እንደምን አደሩ!» ሲለው ዘበኛው ብድግ ብሎ ወታደራዊ ሰላምታ ሰጠው። ወንድሜም ሳይደነግጥ አጸፋውን መለሰ!

ከዚያ፣ «ተኩሱ ለጥሪ ከሆነ እኔ በእግሬ እጠራለሁ» ብሎ ሁለት ቀን በየደጃፉ ሲጣራ ዋለ። ያሰናዳነው ለመቶ ሰው ነበር፤ ሦስት መቶ መጣ። የሙሽራው እናት ቆማ በላች፤ ግማሹ ሰው አጥር ላይ ተቀመጠ። እንዲያ ያለ የሞቀ ሠርግ አይተን አናውቅም።

ወገኖቼ፣ ባህልን ጣሉ አልላችሁም። የአባቶቻችሁ ጠመንጃ ግድግዳችሁ ላይ ተሰቅሎ ከሆነ ግን በምን ምክንያት እንደተሰቀለ ጠይቁ። ምክንያቱ ካለፈ እሱም ይለፍ፤ የተፈለገው ደስታ ያለሱም ይደርሳል።

ኮሎኔል ልጃችንን በሁለት እጁ ይዞ አወጣት። ምርቃት ሲደርስ ግን ሁለት ቀን ሲጣራ የሰነበተው ድምፁ ከነጭራሹ ተዘግቶ ነበር። ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ አንሾካሾከላት። ምን እንዳላት እስከ ዛሬ አልነገረችንም፤ እያለቀሰች ስትስቅ ግን ሦስት መቶ ሰው አይቷታል።