የማንጠግቦሽ ደም ምን አለ?

አንተ አንባቢ፣ ጎረቤትህ «ገዳይ ናት» ተብላ ስትጎተት ድንጋይ አንስተህ እንደሆነ፣ ያነሳኸው አይተህ ነው ወይስ ሰምተህ? በ፲፱፻፸፱ ዓ.ም. ታኅሣሥ፣ በጋይንት ከቤተ ልሔም አለፍ ብላ ባለች መንደር፣ ያየ አንድም ሰው አልነበረም። የሰማ ግን ሞልቶ ነበር። ስለዚህም ብርቄ ግንባሯ ተፈንክቶ፣ የፊጥኝ ታስራ ንፋስ መውጫ ፖሊስ ጣቢያ ገባች። የወንድሟን ሚስት በኮሶ መርዛ ገደለች ተባለ።

እንድትታሰር ያዘዘው መርማሪው መቶ አለቃ ሀብቴ ነው። በማግስቱ ወደ ደብረ ታቦር በመኪና እንድትጫን የፈረመውም እሱው ነው። በዚያ ዘመን በነፍስ ግድያ ተጭኖ የሄደ ሰው ሲመለስ እምብዛም አይታይም። ሀብቴ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። እስክሪብቶውን ሲከድን አስከሬኑን ገና አለማየቱ ትዝ አለው።

«ሳላይ ፈረምሁ!» አለ ለራሱ። ፊቱ በንዴት ጋለ። የተናደደው በራሱ ነበር።

መንደሩ ሲደርስ ሬሳው ፖሊስ ሳያየው እንዳይቀበር ተብሎ መደብ ላይ ተጋድሟል። ማንጠግቦሽ ገና የሠላሳ ዓመት ሴት ነበረች። ፊቷ አብጧል፤ የዐይኗ ሽፋን ውሃ ቋጥሯል። ቆዳዋ እንደ ገብስ ገለባ ይሻክራል፤ ቅንድቧ ከዳር ከዳሩ ረግፏል። አንገቷ ላይ እንቅርት አለ። ጋቢ በጋቢ ላይ ደርባ ነው የሞተችው።

ሀብቴ ባሏን አስማረን ወደ ደጅ ጠራው።

«ኮሶውን ማን ሰጣት?»

«እህቴ ናት፣ ጌታዬ። ጠጣች፣ አስመለሳት፣ ተኛች። በዚያው ቀረች።»

«ከዚያ በፊትስ እንዴት ነበረች?»

አስማረ መሬት መሬቱን አየ። «ከጥቅምት ወዲህ ሥራዋ እንቅልፍ ነው። እኛ እህል ስናበራይ እሷ ገለባው ላይ ትተኛለች። እኔም ሰው ፊት፣ ‹አህያዬ ከእሷ ትሻላለች› ብዬ አሳቅሁባት።»

«እሷስ ምን መለሰች?»

«‹በርዶኝ ነው› አለች፤ ሌላ ምንም። ድምጿ ጎርንኖ የወንድ ሆኖ ነበር። እሱንም አሳቅሁበት።» አስማረ ጋቢውን አፉ ውስጥ ጠቀጠቀ።

ከግድግዳው ጉድጓድ ውስጥ ሁለት ብልቃጦች ነበሩ። አንዱ ኪኒኑ አልቆ ኩል ተሞልቶበታል። ሁለተኛው በኪኒን የተሞላ ነው፤ ከፋብሪካ ሲወጣ አፉ ላይ የተጎሰጎሰው ጥጥ እንኳ አልተነቀነቀም።

«ይህስ?»

«የጎንደሩ ሐኪም የሰጣት ነው። አምናም እንዲሁ ፈዛ ነበርና፣ ደሟን ቀድተው አዲስ አበባ አስመረመሩላት። ‹ይህን ዕድሜ ልክሽን በየቀኑ ዋጪ› አሏት። በዋጠች ጊዜ እኮ ድና ነበር! ትስቅ ነበር፣ ከእኔ ጋር አረም ትነቅል ነበር።»

«ማን ‹ተይው› አላት?»

«እኔ እንጃ። ጸበል ስትጀምር መሪጌታ ይሆናሉ።»

መሪጌታ ወልደ ሰንበት ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ፀሐይ ይሞቃሉ። ሀብቴ ባርኔጣውን አውልቆ ሰላምታ ሰጠ።

«አባቴ፣ ‹ጸበልና ኪኒን አይቀላቀልም› ብለው መድኃኒቷን አስጣሏት ይባላል።»

«እኔ?» አሉ መሪጌታ። «ልጄ፣ እኔ የደም ግፊቴን ኪኒን የማወራርደው በጸበል ነው! እሷንም እንዲሁ አድርጊ ብያት ነበር። ‹አይ አባቴ፣ ኪኒኑ በቃሽ ተብያለሁ› አለችኝ።»

«ታዲያ ምነው ዐይንዎ እንባ አቀረረ?»

መሪጌታ መቋሚያቸውን ጨበጡ። «በዚያ ውርጭ በአንድ ነጠላ አቁሜ አጠመቅኋት። ገላዋ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል። ‹የያዛት ርኩስ መንፈስ ነው› አልሁ። መቀዝቀዟን አየሁ፤ ለምን ቀዘቀዘች ብዬ ግን አልጠየቅሁም። ጻፈው፣ ይኸንንም ጻፈው።»

ሀብቴ ወደ ንፋስ መውጫ ወርዶ ከሁሉ በፊት ብርቄን አነጋገረ። ደሟ ግንባሯ ላይ ደርቋል።

«እኔ ነኝ የገደልኋት» አለች ገና ሳይጠይቃት። «ጫኑኝና ልረፍ።»

«ቀስ በይ። ኮሶውን ለምን ሰጠሻት?»

«ኮሶ የታየው ሰው ይፈዛል፣ ይተኛል፤ ትል መሰለኝ። እኔ ከጠጣሁበት ቅል ነው ያጠጣኋት። እኔን ምንም አላደረገኝ፣ እሷን ግን…»

«አንቺም ጠጥተሻል?»

«ለብቻዋ ፈራች፤ አብሬያት ጠጣሁ።»

«‹ኪኒን በቃሽ› ያላት ማን ነው?»

«ስሙን አልነገረችኝም። በመስቀል ሰሞን የደም ምርመራ ወረቀቷን ይዛ ንፋስ መውጫ ገበያ ውላ ስትመለስ ‹ድነሻል ተባልሁ› ብላ እልል አለች። እኔም አብሬያት እልል አልሁ።»

የከተማዋ ክሊኒክ ያለው ከገበያው ዳር ነው። የጤና ረዳቱን ተሻገርን አገሬው «ዶክተር» ይለዋል፤ እሱም አያርምም። ኮሶው መርዝ ነው ብሎ ለፖሊስ ቃሉን የሰጠው እሱ ነበር።

«ጓድ መቶ አለቃ፣ ነገሩ ግልጽ ነው» አለ ነጭ ካፖርቱን እያስተካከለ። «ኮሶው በዝቷል። ይህ ኋላ ቀር ልማድ ሕዝቡን ፈጀው!»

«ኮሶ ፊት ያሳብጣል እንዴ?»

«አ… አንዳንዴ።»

«የደም ምርመራ ውጤቷን አይተህላት ነበር?»

«በፍጹም! ጎንደር የታከመ ሰው እኔ ዘንድ ምን ያመጣዋል?»

«እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው። ኪኒኗን ብትቀጥል ትድን ነበር?»

«ምን ልትድን! ሆርሞኑ ጣራ ነክቶ እያለ ሌላ ሆርሞን ይጨመራል?»

ሀብቴ ምንም እንዳልሰማ ሆኖ አመስግኖት ወጣ። ቀጥ ብሎ ወደ ስልክ ቤት ሄደና ለጎንደሩ ሐኪም ደወለ። ብዙ አዳመጠ።

በማግስቱ ጠዋት መኪናው ሳይነሳ፣ ሀብቴ ያስጠራው መንደርተኛ የገበሬ ማኅበሩን አዳራሽ ጢም አድርጎ ሞላው። ብርቄ እንደታሰረች ከፊት ተቀምጣለች። አስማረና መሪጌታ ከጎኗ ናቸው፤ ተሻገር በር በሩን እያየ ወንበር ይዟል።

«ኮሶው መርዝ አልነበረም» ብሎ ጀመረ ሀብቴ። «ብርቄ ከዚያው ቅል ጠጥታ ይኸው በሕይወት አለች። ማንጠግቦሽን ማጅራቷን ይዞ የቆየው ሌላ ነው። ከገዛ አካሏ ላይ ተጽፎ ነበር፤ እብጠቱ፣ የረገፈው ቅንድብ፣ ጉርናኔው፣ ብርዱ፣ እንቅልፉ። ሰነፍ አልነበረችም፤ የታይሮይድ በሽተኛ ነበረች።»

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው?» አለ አንድ ገበሬ።

«አንገታችን ውስጥ ያለ እጢ ነው። ሰውነትን የሚያሞቅና የሚያነቃ ታይሮክሲን የሚባል ነገር ያመነጫል። የደም ምርመራው የእሷ ታይሮክሲን ከልክ በታች መውረዱን አሳየ። እንዲሁም የሰውነቷ ዘበኞች የገዛ እጢዋን ጠላት አድርገው ሲወጉ ተገኙ፤ የቤት ውሻ የቤቱን ጥጃ እንደሚነክስ ማለት ነው። ሐኪሙ ለዚህ ነው ኪኒኑን በየቀኑ ያዘዘላት። ሦስተኛ ቁጥርም ነበረ፤ ቲኤስኤች ይሉታል። እሱ ግን ሰማይ ነክቷል። አሁን እኔ ልጠይቃችሁ፤ ስታርሱ ጅራፋችሁ አብዝቶ የሚጮኸው በሬው ሲፈጥን ነው ሲለግም?»

«ሲለግም ነዋ!» አለ ሕዝቡ።

«ቲኤስኤች ማለት አንጎል እጢውን የሚነዳበት ጅራፍ ነው። የጮኸው በሬው ስለለገመ ነበር። ውጤቱን ያየ አንድ ሰው ግን ጅራፉን ብቻ ሰምቶ ‹በሬው እየጋለበ ነው፣ ኪኒኑን ተይው› አላት። እሷም አመነችው፤ ብልቃጡን ሳትከፍተው ቀረች። በየቀኑ ቀዘቀዘች፣ ደከመች። ከዚያ ውርጩ መጣ፣ ኮሶውም አስመለሳት፤ የቀረው አቅሟ ይህን አልቻለም።»

መሪጌታ ፊታቸውን በነጠላ ሸፈኑ። አስማረ ድምፅ አውጥቶ አለቀሰ።

«እያንዳንዳችን እጃችን አለበት» አለ ሀብቴ። «ማንጠግቦሽ የተሳቀባት፣ በብርድ የቆመችው በእኛው ነው፤ ብርቄ ላይ ድንጋይ የወረወርነውም እኛው ነን። እኔም ሬሳዋን ሳላይ ብርቄን አስሬአለሁ። ብርቄ፣ በድዬሻለሁ።» ጎንበስ ብሎ ገመዱን በገዛ እጁ ፈታ። ከዚያም ወደ በሩ ዞረ።

«ተሻገር! ውጤቱን አላየሁም ብለኸኝ፣ ጣራ መንካቱን ግን ነገርኸኝ።»

«ስህተት ነው… ማንም ሰው ይሳሳታል…»

«መሳሳቱንማ ይሳሳታል! ለዚያ ብቻ ቢሆን እዚህ ባላቆምሁህ። የጎንደሩ ሐኪም ምን አለኝ መሰለህ? ከመሞቷ አንድ ሳምንት በፊት ከንፋስ መውጫ ክሊኒክ ደውለህ ‹ቲኤስኤች ከፍ ማለቱ እጢው በዛ ማለት ነው?› ብለህ ጠይቀኸዋል። ‹የለም፣ ተቃራኒው ነው፤ ሴትዮዋን ዛሬውኑ ኪኒኗን አስጀምራት› ብሎሃል። አንተ ግን ዝም አልህ። ስትሞት ደግሞ ዝምታህን በብርቄ ኮሶ ሸፈንኸው!»

ተሻገር ወደ ሀብቴ ጠጋ አለ። «ጓድ መቶ አለቃ፣ እባክዎ፣ ይህን ነገር ለብቻችን፣ ቢሮ ውስጥ…»

«ቢሮ የለም!» ጮኸ ሀብቴ። «ይህች ሴት የተወገረችው በአደባባይ ነው! ማንጠግቦሽ ዘንድ ለመሄድ በቅሎ አለህ፣ መንገዱን ታውቃለህ፣ ሳምንት ሙሉ ነበረህ፤ ያውም በሕይወት እያለች! ለእኔ አትመልስ። ወደ ሕዝቡ ዙር፣ ባሏን እያየህ፣ ብርቄን እያየህ መልስ፤ እያወቅህ ለምን አልሄድህላትም?»